ከበሮው በሰው እጅ

ለኤድመንተን ከተማ በረዶ እጠርጋለሁ፤
ሌሊት፣ ቤት በምታክል መኪና፣ ሰው ሳይነቃ መንገድ እገልጣለሁ።
ካናዳ የምትጫወት ቀን ግን ፈረቃዬን ሸጬ
(ሁለት ቅዳሜ በአንድ ረቡዕ፤
ሶፎንያስ ሲነግድ አይምርም)
ሦስት ካልሲ አጥልቄ፣ ቀዩን ማልያ ከካፖርቴ በላይ ደርቤ፣
ወደ ስታዲየም በባቡር፣ ቆሜ፣ ከማላውቀው ትከሻ ተጣብቤ።

ዴልሮይ ከሰሜኑ በር ቀድሞ ይጠብቀኛል፣
ከበሮውን በሕፃን ብርድ ልብስ ጠቅልሎ፤
«ቆዳው ከበረደው ይነጫነጫል» ይለኛል፣
እሱ ራሱ ጓንቱን የትም ጥሎ።
ሠላሳ ዓመት የአውቶቡስ ሞተር የፈታ እጅ፣
ጣቶቹ እንደ ዝንጅብል ተቋጥረው፤
ዱላውን ሲያነሳ ግን
ከኋላችን ያለው ሕዝብ ሁሉ ይነሳል፣ ባለ አንድ ጉልበት ሰው።

ያልሄድንበት የለም።
በሚኒሶታ ዝናብ በስብሰናል፣
በሳን ፔድሮ ፀሐይ አፍንጫችን ተልጦ
አራት ሆነን በአንድ አልጋ አድረናል።
ቶሮንቶ ላይ ደግሞ፣ በገዛ አገራችን፣
የእንግዳው ደጋፊ በቁጥር በልጦን
ከሜዳችን እንግዳ ሆነን ወጥተናል።
ያን ማታ ዴልሮይ ትኩስ ድንቹን እየነከሰ፦
«የእናንተ ቡድን የደረሰን ዕለት፣ ለማን ትጮሃለህ?»
«የእኛ? እስቲ መጀመሪያ ለዕጣው ይብቃ» ብዬ ሳቅሁ፤
ሳቄ ከጥርሴ አላለፈም።
«ያንተስ?» አልኩት።
የላላ ያልነበረውን የከበሮ ገመድ አጠበቀ።

ከዚያ ዕጣው ወደ ኪንግስተን መራን።

ስድሳ ነበርን፣ ጥግ ላይ በአጥር የታሰርን፤
ከአጥሩ ማዶ ታላቅ እኅቱ ሚስ ኧርሊን፣
ቢጫ ለብሳ፣ ሰባ ዓመቷን ወንበር ላይ አቁማ፦
«ዴልሮይ! ያንን ቀይ ማን አለበሰህ?»
ያደረው እሷ ቤት ነው፤ ማልያውን የተኮሰችለትም እሷ።
ሳቀ። መታ። እስኪያልበው መታ።

በሰባ ሦስተኛው ደቂቃ
እሱ ካደገበት መንደር የወጣ ተቀያሪ ልጅ
በግራ እግሩ አገባብን።
ስታዲየሙ አንድ ጉሮሮ ሆነ። እኔ ፊቴን ሸፈንሁ።
ከበሮው ዝም አለ።
ዘወር ስል የዴልሮይ እግር ከወንበሩ ሥር ይጨፍራል።
እግሩ ብቻ። ፊቱ ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው ነበር።
ማየቴን አየ።
ዱላዎቹን ዘረጋልኝ፤ «ዛሬ አንተ ምታ» አለ፣ ሌላ አልጨመረ።

ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር፤
ተረቱን ስተርት ኖሬ፣ ትርጉሙ ገና ያኔ ገባኝ።
መጀመሪያ ፈጠንሁ፣ ቀጥዬ ዘገየሁ፣
ስድሳው ሰው በስድሳ ዓይነት አጨበጨበ፣
አንዲት የካልጋሪ ተማሪ ከኋላ ትከሻዬን እየመታች ቆጠረችልኝ፦
አንድ፣ ሁለት፣ ቆይ፣ ሦስት።
ተሸነፍን።
ሚስ ኧርሊን በአጥሩ ቀዳዳ ሁለት ማንጎ አሾለከች፣
አንዱን ለእኔ፦ «ይሄ ለመጥፎው ከበሮ መቺ።»

ዘንድሮ የዴልሮይ ጉልበት ደረጃ መውጣት እምቢ አለ።
ከበሮው እኔ ጋ ነው፣ በዚያው ብርድ ልብስ፤
ጨዋታ ሲቃረብ ይደውላል፦ «ቆዳውን አሞቅኸው?»
ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም።

ዛሬ ሌሊት አዲሱ ዕጣ ይወጣል።
መቶ አሥራ ስምንተኛው ጎዳና ላይ በረዶውን እየገፋሁ
በሬዲዮ እሰማለሁ፤ የአገሮች ስም አንድ በአንድ ይጠራል።
እጄ መሪው ላይ ነው። እጄን አምነዋለሁ።
እግሬን ግን፣ ነዳጅ መስጫው ላይ ያለውን፣
ጎንበስ እያልሁ አየዋለሁ።